ቅጹ ላይ የተጻፈችው አከራይ

እናትየው ወረቀት አትጥልም። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት ይፈራል፤ የትኛው እንደሚያድነው፣ የትኛው ጉድ እንደሚያመጣበት በምን ያውቃል? ስለዚህ ማህተም ያለበትንም የሌለበትንም፣ የመብራቱንም የውሃውንም፣ የሱቅ ማስታወቂያውን ሳይቀር እያጣጠፈች በአንድ ሰማያዊ ፌስታል ስትከት፣ ወደዚህ አገር ከመጣች ወዲህ አሥራ ሰባት ዓመት ሆናት። ልጅቱ በዚህ ስትስቅባት ኖራለች።

"እማዬ፣ ይኼኮ የጫማ ቅናሽ ነው፤ ጣይው" ትላት ነበር።

"ምን አስጣለኝ? ነገ ተነስተው ጫማ ሰረቅሽ ቢሉኝስ?"

ዛሬ ያንን ፌስታል ደረቷ ላይ ለጥፋ የተቀመጠችው ልጅቱ ራሷ ናት። ያሉበት የመኖሪያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ወንበሩ ሁሉ ሰው እንዳይሰርቀው ይመስል ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ። ቀጠሯቸው ሦስት ሰዓት ነበር፤ እናትየው ግን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጎትታ አምጥታታለች። ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በውሃ አስተኝታ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

"አፍሽን ክፈቺ እስቲ" አለቻት ልጅቱን ድንገት።

"ለምን?"

"ጥርስሽን ልየዋ። ስድስት ዓመት ጥርስ ስትማሪ የእኔ ሁለት መንጋጋ ወልቆ አለቀ። ያንቺስ አለ ወይ ብዬ ነው።"

ልጅቱ ሳትወድ ሳቀች። እናትየው እንዲህ ናት፤ ሰው ሲፈራ ታውቃለች፣ ሲፈራ ደግሞ ትነካካዋለች።

መፍራትስ ልጅቱ ትፍራ። በሰባት ዓመቷ በእናቷ እጅ ተይዛ መጣች፣ በእናቷ ስም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘች። በአሥራ ስምንት ዓመቷ የትምህርት ዕድል ደርሷት ወደ ሌላ አገር ሄደች። ስድስት ዓመት የጥርስ ሕክምና ተምራ፣ ዲግሪዋን በላስቲክ አሽጋ ተመለሰች። በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ወገብ የሚቆርጥ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ውጭ ከኖረ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ አይሰረዝብኝ የሚል፣ ሄጄም ቤቴ እዚሁ ነበር የሚል፣ በማስረጃ ያስረዳ፤ ያላስረዳ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይውጣ። ወዴት ይውጣ? ያስተማራት አገር የተማሪ ፈቃዷን ዘግቷል። የተወለደችበትን አገር ደግሞ ከአንድ የግቢ በርና ከአንድ ዛፍ በቀር አታስታውሰውም።

ስማቸው ተጠራ፤ ገቡ።

ጉዳዩን የያዘው ሰውዬ ቀጭን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ነው። ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር፤ ክፉ ሰው ፊት ቢዋሹም ቢዋረዱም ያን ያህል አይከብድም። ለእናትየው ተነስቶ ወንበር ሳበላት። እናትየው የአገሩን ቋንቋ ለሥራዋ የሚበቃትን ያህል ታውቃለች፤ ባልዲ፣ ቁልፍ፣ ጨርሻለሁ፣ እርጥብ ነው እንዳያንሸራትትህ። ከዚያ በላይ ሲሆን ልጅቱ ናት አፏ።

ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ሰውዬው የጫማ ቅናሹን ወደ ጎን፣ ሌላውን ወደ ፊት እያደረገ ለየ። የልጅቱ ስም ያለበት ፖስታ በያመቱ አለ፤ የጤና ካርዷ እድሳት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የመጣ፣ ከቀበሌው የነዋሪ ቆጠራ። እናትየው በያመቱ እታች ቤት ወዳለችው ልብስ ሰፊ እየወሰደች አስሞልታዋለች። ልብስ ሰፊዋ የጻፈችላት የምስክርነት ደብዳቤም አለ፤ "ልጄ ለትምህርት ብትሄድም ቤቷ ቤቴ ነው፣ ክፍሏም እንደነበረ አለ" የሚል።

"በጣም ጥሩ" አለ ሰውዬው። "እንዲህ አድርጎ ወረቀት የያዘ ሰው አይቼ አላውቅም።"

ልጅቱ ተረጎመችላት። እናትየው እንደ ንግሥት አንገቷን ነቀነቀች። "ትስቅብኝ ነበር በይው" አለች።

"አሁን የቀረው" አለ ሰውዬው፣ "የሄድሽው ለትምህርት መሆኑን ማየት ነው። የትምህርት ዕድሉን የሰጡሽ ሰዎች ሙሉ ማህደርሽን በቀጥታ ለእኛ ልከዋል።" የታሸገ ትልቅ ፖስታ ቀደደ። ገለጠ፣ ገለጠ። ከዚያ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አጠለቀ። አንዱን ገጽ ወደ ልጅቱ አዙሮ አስቀመጠው።

"ይህ የእጅ ጽሕፈት ያንቺ ነው?"

"አዎ" አለች ሳታየው። ከዚያ አየችው።

ይህን ቅጽ ረስታዋለች። አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ ብሏት አያውቅም፤ ወይም ትዝ እንዳይላት አድርጋ ቀብራዋለች። "የምትኖረው ከማን ጋር ነው?" ይላል ቅጹ፤ ከሥሩ በራሷ ጽሕፈት "ክፍል ተከራይቼ" ይላል። "የአከራይ ስም" ይላል፤ የእናቷ ስም አለ። "የአከራይ ፊርማ" ይላል፤ ያች እንደ ተፈታ ክር የተጠማዘዘች የእናቷ ፊርማ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየው ልጅቱ የምትማርበት ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፣ አሁንም ናት። ወገቧ ላይ ቁልፍ አንጠልጥላ ስትመጣ ከሩቅ ትሰማለች። ልጅቱ አሥራ አምስት ሲሞላት ለክፍሏ ልጆች "ሴትዮዋ አከራዬ ናት" አለቻቸው። አንዴ ከአፍ ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት መኖር ነበረበት። ልጅቱ ምሳዋን ረስታ በሄደች ቁጥር እናትየው ምሳ ዕቃውን ይዛ የክፍሉ በር ላይ ትቆማለች፤ ልጅቱ ወጥታ በሁለት ጣቷ ትቀበላትና በአገሩ ቋንቋ "በጣም አመሰግናለሁ" ትላታለች። እናትየው ወደ መጥረጊያዋ እየተመለሰች ትኩራራ ነበር፤ ምን የመሰለ ሥርዓት ያላት ልጅ።

የትምህርት ዕድሉ ሲመጣ አማካሪው መምህር ቅጹን ሲያስሞላት ሁለት የክፍሏ ልጆች አጠገቧ ተቀምጠው የራሳቸውን ይሞሉ ነበር። እነሱ እያዩ እናቴ ናት ብላ ትጻፍ? አልቻለችም። ወረቀቱን ቤት ወስዳ እናትየው ፊት አስቀመጠችው። "እናት ትፈርም ይላል" አለቻት። እናትየው እጇን በሳሙና ታጠበች፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቀች፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ ፈረመች።

አሁን እናትየው ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች።

"ውይ! የኔ ፊርማ አይደለም እንዴ?" አለች በደስታ፣ ጣቷን ላዩ ላይ እያሳረፈች። "ያኔ ስትሄጂ የፈረምኩልሽ! እናት ትፈርም ያልሽኝ። እይማ፣ ያኔ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር።"

"ምን አሉ?" ሲል ሰውዬው ጠየቀ።

"ፊርማው የሷ ነው አለች።"

አልዋሸችም። ግማሹን ነው የነገረችው።

ሰውዬው እጆቹን አጣመረ። "እንግዲህ ችግሬን ልንገርሽ። እኚህ ሴት በአንዱ ወረቀት እናትሽ ናቸው፣ በሌላው አከራይሽ ናቸው። አከራይ ከሆኑ፣ ተከራይ ሲሄድ ቤቱን ለቀቀ ማለት ነው፤ እነዚህ ፖስታዎችም በድሮ አድራሻሽ የመጡ ፖስታዎች ናቸው እንጂ ምንም አያስረዱም። እናት ከሆኑ ደግሞ ይህ ቅጽ ሐሰት ነው፤ በሐሰት ላይ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። የቱ ነው?"

"መምህሩ ተሳስቶ ነው" አለች ልጅቱ ቶሎ ብላ።

"ጽሕፈቱ የኔ ነው አልሽኝኮ አሁን።"

የልጅቱ ጆሮ ነደደ።

"እናቴ ማንበብ አትችልም" አለች ቀጥላ። "ሳይገባት ነው የፈረመችው።" ይህንም ስትል እውነት ነው፤ ግን እውነቱን ስታወጣው እናቷን ከፊቷ እንደ ጋሻ አቁማ ነው። ያንን ራሷም ታውቀዋለች።

"ይሁን" አለ ሰውዬው። "እንግዲያው ሲፈርሙ ምን ተብለው እንደፈረሙ ጠይቂልኝ።"

ልጅቱ ወደ እናቷ ዞረች። እናትየው መንጋጋ በሌለው ጎኗ ፈገግ ብላ፣ ነገሩ በሙሉ እንደ ቅቤ እየፈሰሰ መስሏት ትጠብቃለች።

"ቤታችን ስንት ክፍል ነው ይላል" አለቻት።

እናትየው ሁለት ጣቷን አወጣች። "ሁለት ነው በይው። አንዱ ያንቺ። አልጋሽ በመስኮቱ በኩል፣ ጠረጴዛሽ በዚህ፣ መጽሐፍሽ እስከዚህ ድረስ የተቆለለ" እያለች ጠረጴዛው ላይ በእጇ አልጋውንም መስኮቱንም ሠራችው።

"ምን ተብለው እንደፈረሙ ሲያስረዱኝ ነው?" አለና ሰውዬው የሁለቱን ጣት፣ የአልጋውን፣ የመስኮቱን ሥዕል አየ። ሰውዬው አልተቆጣም፤ ስልኩን ወደ ራሱ ሳበ። "አስተርጓሚ ብጠራ ይሻላል። ለሁላችንም።"

ስልኩ ጠረጴዛው መካከል ተቀመጠ። ትንሽ ተንጫጫና የአንድ ጎልማሳ ድምፅ ወጣ፤ በገዛ ቋንቋቸው።

"እንደምን አደሩ እናቴ?"

እናትየው ክው ብላ ግድግዳውን አየች። "እንዴት አደርክ የኔ ልጅ! የት ሆነህ ነው?"

"ቤቴ ነኝ። በስልክ ነው የማስተረጉመው።"

"እሰይ! ወጥተህ ብርድ ከሚመታህ። ቁርስ በልተሃል?"

"በልቻለሁ እናቴ" አለ ድምፁ እየሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ልጅቱን የሰበራት። አሁን ይህ የማታውቀው፣ ቁርሱን የተጠየቀ ሰው፣ ከቤቱ ሆኖ ለእናቷ ሊነግራት ነው፤ "አከራይ ይላል እናቴ" ብሎ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። ምድር ግን አትከፈትም፤ ወንበሯም ከወለሉ ጋር የታሰረ ነው።

"አንድ ደቂቃ" አለች። "እኔ ልንገራት። እሱ ይስማ፤ ከዋሸሁ ይናገር።"

ሰውዬው ትንሽ አሰበና እሺ አለ።

"እማዬ" አለች።

"አቤት።"

"ያ ወረቀት እናት ትፈርም አይልም።"

"ታዲያ ምን ይላል?"

"አከራይ ይላል።"

"የማን አከራይ?"

"የኔ። ክፍል ተከራይቼ የምኖር ብዬ ነው የጻፍኩት። አንቺን አከራይ አድርጌ።"

እናትየው ፊቷ አልተለወጠም፤ ገና አልገባትም። "ለምን? አከራይ ያለው ብቻ ነው የሚማረው ተብሎ ነው?"

እዚህ ላይ አዎ ማለት ትችል ነበር። አስተርጓሚው የሚሰማው ቃሉን ነው እንጂ ልቧን አይደለም፤ በምን ያውቅባታል? እናትየው በዚያች ጥያቄ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታላት ነበር።

"አይደለም" አለች። "ለትምህርት ቤት ልጆች አከራዬ ናት ብያቸው ነበር። እነሱ እያዩኝ እናቴ ናት ብዬ መጻፍ አፈርኩ።"

"በምኔ?"

"ወለል ስለምታጥቢ።"

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ሊጠርግ ጀመረና ተወው። ጉዳዩን የያዘው ሰው ቋንቋውን ባያውቅም ወረቀቱን ማየት ጀመረ። እናትየው እጆቿን ከጠረጴዛው አንስታ ጭኗ ላይ አደረገቻቸው፤ አልጋውም መስኮቱም የተሠራበት ቦታ ባዶ ጠረጴዛ ሆነ።

"ሦስት ዓመት" አለች። "ምሳ ሳመጣልሽ። በጣም አመሰግናለሁ የምትዪኝ። ለአከራይ ነበር?"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ ለሥራ ጓደኞቼ አወራ ነበር። ልጄ እንደናንተ ልጆች ከእጅ አትመነትፍም፣ አመስግና ነው የምትቀበል እያልኩ። ሴቶቹን አፍ አላስከፍት ብያቸው።"

ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

"ቀና በይ። ደፍተሽ አታምልጪኝ።"

ቀና አለች። ዓይን ለዓይን መተያየቱ ከመደፋቱ የባሰ ነበር፤ እናትየው ይህን አውቃ ነው ያዘዘቻት።

አስተርጓሚው በአገሩ ቋንቋ ለሰውዬው ዝግ ብሎ ተናገረ፤ "ሁሉንም ነግራቸዋለች። ምንም አላስቀረችም።" ሰውዬው ሌላ ጥያቄ ሰጠው፤ ድምፁ ወደ እናትየው ተመለሰ፣ አሁን ሳቅ የለበትም።

"እናቴ፣ ይህ የመጨረሻው ነው። ልጅዎ ናት ወይስ ተከራይዎ? ስድስቱን ዓመትስ ክፍሏ ተጠብቆላታል ወይ? እርስዎ በሚሉት ነው የሚወሰነው ይላል።"

ልጅቱ የግድግዳውን ሰዓት መርፌ ስትረግጥ ትሰማለች። እናቷን ታውቃታለች፤ ለአንዲት ጎረቤት በባልዲ ምክንያት አራት ዓመት ሰላምታ የነሳች ሴት ናት። ተከራዬ ናት ብትል አይፈረድባትም። ዝም ብትል እንኳ ዝምታዋ ይበቃል፤ ሠላሳ ቀን ነው፣ ሻንጣ ነው።

"ንገርልኝ" አለች እናትየው ለስልኩ። "የማከራየው ቤት ቢኖረኝ የሰው ወለል ባላጠብኩ ነበር በለው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። እታች ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ክፍሉን አከራዪው ብላ ብትመክረኝ ተጣልቻታለሁ፤ ልጄ ስትመጣ የት ልትተኛ ነው ብዬ። ሄዶ ይጠይቃት። ስድስት ዓመት ሶፋ ላይ ነው የምተኛው፣ ጎኔ ሶፋ ሆኗል። የሷ አልጋ ላይ ሰው አልተቀመጠም። አንሶላውን በየወሩ አጥባለሁ፣ ሰው ያደረበት ይመስል። ልጄ ናት። ዛሬ አሳፍራኛለች፤ ልጄ ናት። እንዲህ አድርገህ ንገረው፣ እንዳታሳምርልኝ።"

አስተርጓሚው አላሳመረውም። ሰውዬው ሲሰማ ቆይቶ ብዕሩን አነሳ።

"እቀበላለሁ" አለ። "ነገር ግን ይህ ቅጽ ማህደሩ ውስጥ እንዲሁ ሊቀመጥ አይችልም። በራስሽ እጅ ማረሚያ ትጽፊያለሽ። ምን እንደጻፍሽ፣ ለምን እንደጻፍሽ፣ እናትሽም ሳያውቁ እንደፈረሙ። እሳቸውም ከሥሩ ይፈርማሉ። ከቅጹ ጋር አብሮ ይቀመጣል።"

"እስከ መቼ?"

"ማህደር አይጣልም።"

ባዶ ወረቀት ሰጣት። ስድስት ዓመት ፈተና የጻፈች እጅ፣ አምስት መስመር ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ቆመች። "ለምን" የሚለው ላይ ስትደርስ "በወጣትነት" ብላ ጀመረች፤ ሰረዘችው። "እናቴ በትምህርት ቤቴ ወለል ታጥብ ስለነበር አፍሬባት" ብላ ጻፈች። ብዕሩን ለእናቷ አቀበለቻት።

እናትየው ብዕሩን ያዘች። አልፈረመችም።

"ይነበብልኝ" አለች።

"እሺ፤ እንዲህ ይላል፣ እኔ..."

"አንቺ አይደለሽም።" በአገጯ ወደ ስልኩ አመለከተች። "እሱ ያንብብልኝ።"

ለትምህርት እስክትሄድ ድረስ ከሐኪም የመጣውን፣ ከአሠሪ የመጣውን፣ ከቤት ባለቤት የመጣውን፣ ሁሉንም ያነበበችላት ልጅቱ ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ፊደል እየቆጠረች ታነብላት ነበር፤ እናትየውም ያለችውን ይዛ ትፈርም ነበር።

ሰውዬው በአገሩ ቋንቋ እያነበበ፣ አስተርጓሚው በየመስመሩ ወደ ቋንቋቸው መለሰው። ልጅቱ ነውሯን በማታውቀው ሰው ድምፅ፣ ቀስ ተብሎ፣ ከነነጠላ ሰረዙ ሰማች። እናትየው ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማ።

"ሌላ የቀረ የለም?" አለች ሲያልቅ።

"የለም እናቴ። ይኸው ነው ያለው።"

"ተባረክ። ለቤተሰብህ ሰላም በልልኝ።"

ፈረመች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ማንም አላጣደፋትም። ሰውዬው ሁለት ማህተም መታ፤ አንዱን ማረሚያው ላይ፣ አንዱን የልጅቱ ፈቃድ ላይ። "ፈቃድሽ ጸንቷል" አለና እጁን ዘረጋላት። ልጅቱ ጨበጠችው። ደስታው ከሆዷ ሊነሳ ሲል ፊቷ ላይ እንዳይታይባት ወደ ታች ዋጠችው፤ መደሰቷ ራሱ አሳፈራት።

አውቶብስ ፌርማታው ላይ ቆሙ። እናትየው አራት ሰዓት ተኩል ሥራ መግባት አለባት። ወረቀቶቹ መሥሪያ ቤቱ ስለቀሩ፣ ባዶውን ፌስታል አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። መንገዱን እያየች፣

"ማናት የሰደበችሽ?" አለች።

"መቼ?"

"ያኔ። ማናት እናትሽ ወለል አጣቢ ናት ብላ ያላገጠችብሽ? ልጅ ክፉ ነው። የልጅ አፍ ያሳብዳል። ንገሪኝ፤ አሁን ምን አደርጋታለሁ፣ ትልቅ ሴት ሆናለች።"

ልጅቱ ወደ እናቷ አየች። እናትየው እንዲያ ቆስላ፣ የምታሳብብበት ሰው እየፈለገችላት ነበር። አንድ ስም ብትጠራ ይበቃ ነበር፤ ስም ደግሞ ሞልቷል።

"ማንም አልሰደበኝም" አለች።

"ታዲያ ጠየቁሽ?"

"ማንም አልጠየቀኝም እማዬ። ዝም ብዬ እኔው ነኝ የነገርኳቸው።"

እናትየው "እ" አለች። አውቶብሱ መጣ፤ ወጥታ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠች። ልጅቱ ከታች ቆመች፤ ትግባ አትግባ አላወቀችም። ሾፌሩ በሩን ሊዘጋ እጁን ሲያነሳ፣

"ግቢ እንጂ!" አለቻት እናትየው ሳታያት። "ሰው አታስቁሚ።"

ገባች። እናትየው አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ልጅቱ ብረቱን ይዛ፣ ትምህርት ቤቱ እስኪደርሱ ድረስ ቆማ ሄደች።